ከመተየብ በፊት ማንበብ፦ የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳደርን እንዴት ተማርኩ

የሊኑክስ ሰርቨር ማስተዳደር የጀመርኩት አስቤበትና ተዘጋጅቼበት አይደለም። እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ሰርቨሩን ይንከባከብ የነበረው ባለሙያ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ የአይፒ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ተሰጠኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የድረ ገጹና የዳታቤዙ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተርን የማውቀው በመስኮትና በማውዝ ብቻ ስለነበር ጥቁሩ ገጽ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ጠቋሚ ከእኔ ምን እንደሚጠብቅ እንኳ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው ዛሬ እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ ላሉ ሰዎች ነው፤ በተለይም ትእዛዞችን መሸምደድ ከባድ ሆኖባቸው «ይህ ሙያ ለእኔ አይሆንም» ለማለት ለተቃረቡት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሥራዬ መቅዳትና መለጠፍ ነበር። ችግር ሲገጥመኝ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ፈልጌ አገኛለሁ፣ ተርሚናሉ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ከሠራ እፎይ እላለሁ፣ ካልሠራ ሌላ ፈልጌ በላዩ ላይ እጨምራለሁ። በዚህ መንገድ ብዙ ነገር ተስተካክሎልኛል፤ ነገር ግን የተስተካከለው በየትኛው ትእዛዝ ምክንያት እንደሆነ፣ የቀሩት ደግሞ ምን እንደለወጡ ስለማላውቅ ሰርቨሩ ቀስ በቀስ ማንም የማያውቀው ማሽን እየሆነ ሄደ። አንድ ቀን ድረ ገጹ ሲቆም ባለፉት ሳምንታት የጻፍኳቸውን ትእዛዞች ታሪክ ከፍቼ ወደ ኋላ ማየት ጀመርኩ። ከመቶ በላይ መስመሮች ነበሩ፤ ትርጉማቸውን በትክክል መናገር የምችለው ግን ከአሥር አይበልጡም ነበር። የሊኑክስን ትምህርት በእውነት የጀመርኩት በዚያ ምሽት ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መለማመጃውን ከሥራው መለየት ነበር። በራሴ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ጭኜ 2 ጊጋባይት ሜሞሪና 20 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በላፕቶፔ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ማሽን፣ አዘጋጀሁ፤ መስኮትና ማውዝ የሌለውን የኡቡንቱ ሰርቨር ጫንኩበት። ለጀማሪ ሰርቨር ይህ መጠን ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የማሽኑን ሁኔታ በአንድ ቅጽበት አስቀምጦ በኋላ ወደዚያው ለመመለስ የሚያስችለው ስናፕሾት ነው። ስናፕሾት ወስጄ አንድ ነገር ሆን ብዬ አበላሻለሁ፣ የብልሽቱን ምልክት በደንብ እመለከታለሁ፣ ለመጠገን እሞክራለሁ፣ ካቃተኝ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ። ሳይበላሽ ያየነው ማሽን ሲበላሽ ምን እንደሚመስል አያስተምረንም፤ ስለዚህ ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥተው በመለማመጃ ማሽን ላይ መሥራት ብቻ ሳይሆን ማበላሸትንም እንዲለማመዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

የትኛውን ስርጭት፣ ማለትም የትኛውን የተዘጋጀ የሊኑክስ ዓይነት፣ ልምረጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጀማሪዎችን ከሚገባው በላይ ያስጨንቃል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሊኑክስ እምብርት የሆነውን የመጀመሪያውን ከርነል ካወጣ ወዲህ በርካታ ስርጭቶች ተፈጥረዋል፤ ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመረ፣ ከእሱ የተወለደው ኡቡንቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። እኔ ኡቡንቱን የመረጥኩት የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር እሱ ስለነበር ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣውና ለአምስት ዓመት መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኘው የረጅም ጊዜ እትሙ ለሰርቨር ተስማሚ ነው። ሌላ የሚጠቀም ሰውም የሚማረው ነገር አብዛኛው ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ራሴን ያስለመድኩት ነገር ማሽኑ የሚመልስልኝን ቃል እስከ መጨረሻው ማንበብ ነበር። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እኔ ለሁለት ወር ያህል ቀይ ወይም እንግዳ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ሳላነብ ቀድቼ መልስ ወደ መፈለግ እሮጥ ነበር። ጀማሪን በየቀኑ የሚገጥሙትን ሦስት መልእክቶች ብቻ ብንወስድ ወደ ሦስት የተለያዩ አቅጣጫዎች ይመራሉ። «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚለው መልእክት ፕሮግራሙ አልተጫነም፣ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይም ማሽኑ ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ውስጥ የለም ማለት ነው። «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» የሚለው ደግሞ ፕሮግራሙ ተገኝቶ ሥራውን ጀምሯል፣ የጠቆምነው አድራሻ ግን ስህተት ነው እያለን ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እኛ ያለንበት ፎልደር ሌላ መሆኑ ነው። «ፈቃድ የለህም» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የምንፈልገው ነገር አለ፣ ያለንበት የተጠቃሚ ስም ግን አያደርሰንም። ሦስቱንም በአንድነት «አልሠራም» ብሎ የሚያልፍ ሰው ለሁሉም ሱዶ የሚለውን፣ ትእዛዝን በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመውን ቃል ከፊት ጨምሮ እንደገና ይሞክራል። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ሱዶ ግን የሚጠቅመው ለሦስተኛው ብቻ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ሁልጊዜ ትክክለኛው መልስ አይደለም።

በተቃራኒው ዝምታንም ማንበብ ያስፈልጋል። ፋይል ስንቀዳ ወይም ስም ስንለውጥ ማሽኑ ምንም ሳይል ጠቋሚውን ይመልስልናል፤ የሊኑክስ አርአያ በሆነው በዩኒክስ ልማድ ዝምታ ማለት ሥራው ያለ ችግር ተፈጸመ ማለት ነው። እኔ ግን ዝምታውን እንዳልሠራ ቆጥሬ ያንኑ ትእዛዝ ሁለትና ሦስት ጊዜ እደግመው ነበር። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲጨርስ የማይታይ ቁጥር ትቶ እንደሚወጣ፣ ዜሮ ማለት ተሳክቷል፣ ከዜሮ ሌላ የሆነ ቁጥር ማለት ደግሞ አልተሳካም ማለት እንደሆነ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ በባክአፕ (በመጠባበቂያ ቅጂ) ጉዳይ ትልቅ ዋጋ አስከፍሎኛልና ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ማን» (man) የተባለው ትእዛዝ የሚከፍተው የትእዛዞች መመሪያ መጀመሪያ ላይ የማይገባ መስሎኝ ነበር። ለመማር ሳይሆን ለማስታወስ የተጻፈ ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ መሞከር ያደክማል። እኔ የለመድኩት አንድን የተቀዳ ትእዛዝ ከመተየቤ በፊት በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ምልክትና አማራጭ በመመሪያው ውስጥ እየፈለግሁ ትርጉሙን በራሴ ቃል በማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። የአንድ መስመር ትእዛዝ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይወስድብኝ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን አብዛኞቹ ትእዛዞች ተደጋጋሚ ሆነው አገኘኋቸው፤ ፋይልን በገጽ በገጽ የሚያሳየው ሌስ፣ በጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልገው ግሬፕ፣ የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣው ኤልኤስ ከሞላ ጎደል የዕለቱን ሥራ ግማሽ ይሸፍናሉ። የፎልደሮቹም አቀማመጥ እንዲሁ ነው፦ ማስተካከያዎች ኢቲሲ በተባለው ሥር፣ በየጊዜው የሚለወጡ ነገሮችና ማሽኑ የሆነውን የሚመዘግብባቸው ሎጎች ቫር በተባለው ሥር፣ የተጠቃሚዎች ንብረት ሆም በተባለው ሥር እንደሚገኝ ካወቁ በኋላ የማያውቁት ሰርቨር ላይ ሲገቡ እንኳ የት መፈለግ እንዳለብዎ ያውቃሉ።

ከሰርቨር ጋር በርቀት የምንነጋገርበት መንገድ ኤስኤስኤች ይባላል። ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠረው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች መሰረቃቸውን ተከትሎ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት መንገዶች የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍኑ በግልጽ ይልኩት ነበር። እኔ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ያለውን የይለፍ ቃል ስጠቀም ቆይቼ የመግቢያ ሙከራዎች የሚመዘገቡበትን ሎግ መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ደነገጥኩ፤ ከማላውቃቸው አድራሻዎች በየደቂቃው የተለያዩ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን የሚሞክሩ ነበሩ። ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ የሚታይ ሰርቨር ሁሉ የሚያጋጥመው ነገር ነው፤ የሚሞክሩትም አብዛኛውን ጊዜ ሰዎች ሳይሆኑ ፕሮግራሞች ናቸው። መፍትሔው በይለፍ ቃል ፋንታ በቁልፍ መግባት ነው። ሁለት ተዛማጅ ቁልፎች ይዘጋጃሉ፤ ይፋዊው ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ምስጢራዊው ከራሳችን ኮምፒውተር አይወጣም። በቁልፍ መግባት እንደሚሠራ ሳያረጋግጡ ግን በይለፍ ቃል መግባትን መዝጋት አይገባም። የማስተካከያ ፋይሉን ከለወጡ በኋላ ያሉበትን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት ለመግባት ይሞክሩ፤ ሁለተኛው እምቢ ካለ የመጀመሪያው አሁንም ክፍት ነውና ያስተካክሉበታል።

ይህን ምክር የምሰጠው ከራሴ ሰርቨር ውጭ ተዘግቶብኝ ስለቀረሁ ነው። ከኔትወርክ የሚመጣውን ግንኙነት እየመረጠ የሚያሳልፍ ፋየርዎል ማብራት እንዳለብኝ አንብቤ ዩኤፍደብሊው የተባለውን፣ በኡቡንቱ ላይ ለጀማሪ ምቹ የሆነውን ፋየርዎል አበራሁ። ሳበራው «ይህ ትእዛዝ ያሉትን የኤስኤስኤች ግንኙነቶች ሊያቋርጥ ይችላል፣ ይቀጥል?» የሚል ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ሳላነብ አዎ አልኩ። ግንኙነቴ ስላልተቋረጠ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁ። በማግሥቱ መግባት አልቻልኩም። ኋላ እንደገባኝ ፋየርዎሉ አስቀድሞ የተጀመረውን ግንኙነት እንዲቀጥል ይተወዋል፤ አዲስ ግንኙነት ሲመጣ ግን በግልጽ ያልተፈቀደለትን ፖርት (ቁጥር ያለው የግንኙነት በር) ሁሉ ይዘጋል፣ እኔም ኤስኤስኤች የሚጠቀምበትን 22 ቁጥር ፖርት አልፈቀድኩም ነበር። ድረ ገጹ የሚጠቀምባቸው 80 እና 443 ፖርቶችም አብረው ተዘግተው ነበር። የዳንኩት ሰርቨሩን ያከራየን ድርጅት በራሱ ገጽ በኩል ስክሪኑ ፊት እንደተቀመጠ ሰው የሚያስገባ ኮንሶል ስለነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰርቨር ስረከብ ከሁሉ አስቀድሜ እንዲህ ያለ ሌላ መግቢያ መኖሩንና እንደሚሠራ አረጋግጣለሁ፤ ፋየርዎል ስነካ ደግሞ መጀመሪያ 22ን እፈቅዳለሁ፣ ዝርዝሩን አነባለሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አበራለሁ።

የፋይል ፈቃዶች ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ብጽፈው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን አለው፤ ፈቃዱም ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ሁሉ ለየብቻ ይሰጣል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይቆጠራሉ፤ ድምራቸው ለሦስቱ ወገኖች በተርታ ሲጻፍ 644 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ሌሎቹ ያነባሉ ብቻ፤ 600 ማለት ከባለቤቱ በቀር ማንም አያየውም ማለት ነው። ይህ እስከዚህ ድረስ ሂሳብ ነው። እኔን ያሳሳተኝ ግን ፎልደር ላይ ትርጉሙ መለየቱ ነው። ፎልደርን ማንበብ በውስጡ ያሉትን ስሞች ማየት ሲሆን ማስኬድ የሚባለው ፈቃድ ደግሞ በዚያ በኩል አልፎ ወደ ውስጥ የመዝለቅ መብት ነው። አንድ ፋይል 644 ሆኖ ለሁሉም የተፈቀደ ቢሆንም ወደ እሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ፎልደሮች አንዱ ማለፍን ከከለከለ ፋይሉ አይደረስበትም፤ የክፍሉ በር ክፍት ሆኖ የግቢው በር እንደተቆለፈ ቤት ማለት ነው።

እኔ የገጠመኝም ይኸው ነው። የድረ ገጹን ሥዕሎች በሆም ሥር ባለው የራሴ ፎልደር አስቀምጬ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር እንዲያነባቸው ብጠቁመውም ፈቃድ የለኝም ይላል። ፋይሎቹን ደጋግሜ አየኋቸው፤ ሁሉም 644 ናቸው። ችግሩ የራሴ ፎልደር ነበር፤ ኡቡንቱ ከ21.04 እትም ጀምሮ የተጠቃሚን ፎልደር ሲፈጥር 750 ስለሚያደርገው ሌላ ሰው በዚያ በኩል አያልፍም። እኔ ግን ይህን አልፈለግሁም፤ ያገኘሁትን ምክር ተቀብዬ ፎልደሬን በሙሉ ከነውስጡ 777 አደረግሁት፣ ማለትም ማንም ሁሉን እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ ፈቀድኩ። ሥዕሎቹ ታዩ። በማግሥቱ ግን ቁልፌ አላስገባኝም። በኮንሶሉ በኩል ገብቼ ሎጉን ሳነብ ኤስኤስኤች የፎልደሩ ባለቤትነት ወይም ፈቃድ የተበላሸ ስለሆነ ቁልፉን አልቀበልም ማለቱን በግልጽ ጽፎት አገኘሁ። ምክንያቱም ትክክል ነው፤ ማንም ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ ያለ የቁልፎች ዝርዝር ማን እንደጻፈው ሊታመን አይችልም። የራሴን ፎልደር ወደ 750፣ የቁልፎቹን ፎልደር ወደ 700፣ ዝርዝሩን ወደ 600 መለስኩ፤ ሥዕሎቹንም ቫር ሥር ወዳለው የድረ ገጽ ቦታ አዛወርኳቸው። 777 የሚል ምክር ባየሁ ቁጥር ዛሬም ቆም ብዬ የምጠይቀው «የትኛው ተጠቃሚ፣ የትኛውን በር ማለፍ አቃተው?» ብዬ ነው። መንገዱን ከሥሩ ጀምሮ የእያንዳንዱን ፎልደር ፈቃድ እየዘረዘረ የሚያሳይ ኔምአይ የተባለ ትእዛዝ አለ፤ ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ አንድ ሙሉ ቀን ይተርፈኝ ነበር።

አገልግሎቶችን ማስነሣትና ማቆም በዛሬዎቹ ዋና ዋና ስርጭቶች የሚከናወነው በሲስተምዲ አማካይነት ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ሊለየው የሚገባው ልዩነት ማስነሣትና ማንቃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው፤ አንድን አገልግሎት አሁን ማስነሣት ማሽኑ ዳግም ሲነሣ አብሮ ይነሣል ማለት አይደለም። የዳታቤዙን አገልግሎት አንድ ጊዜ በእጄ አስነሥቼው ለወራት ሠርቶ፣ የከርነል ማሻሻያ ጭኜ ማሽኑን ዳግም ባስነሣሁበት ሌሊት ሳይነሣ ቀረ። ስለዚህ አንድ ሰርቨር በትክክል ተዘጋጅቷል የምለው ዳግም ተነሥቶ ሁሉም ነገር ያለ እጄ ሲመለስ ካየሁ በኋላ ነው። አገልግሎት አልነሣ ሲልም የሁኔታውን መግለጫና ጆርናልሲቲኤል የሚያሳየውን ሎግ ማንበብ ይገባል፤ እውነተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መስመር ሳይሆን መጀመሪያ ስህተት ከተባለበት መስመር ላይ ነው፣ ከእሱ በታች ያሉት የእሱ ውጤቶች ናቸውና።

አንድ ሰኞ ጠዋት ድረ ገጹ የሚገቡበትን ሰዎች ሁሉ እየመለሰ መሆኑ ተነገረኝ። ዲስኩ ሞልቶ ነበር፤ የዲስክን አጠቃቀም የሚያሳየው ዲኤፍ መቶ በመቶ ይላል። ፎልደሮችን በመጠናቸው በሚለካው ዲዩ ስፈልግ 12 ጊጋባይት የደረሰ የሎግ ፋይል አገኘሁና አጠፋሁት፤ ፋይሉ ጠፋ፣ ዲኤፍ ግን አሁንም መቶ በመቶ አለ። ሁለቱ መለኪያዎች የተለያየ ነገር መናገራቸው ያኔ ግራ ቢያጋባኝም በሊኑክስ ፋይል ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ይህ ነው። የፋይል ስምና የፋይል ይዘት የተለያዩ ናቸው፤ ማጥፋት ማለት ስሙን ከፎልደሩ መሰረዝ ሲሆን ይዘቱ የያዘው ቦታ የሚለቀቀው የመጨረሻው ስም ጠፍቶ፣ ፋይሉን ከፍቶ የያዘው የመጨረሻ ፕሮግራምም ሲለቀው ነው። ሎጉን ይጽፍ የነበረው ፕሮግራም ስም በሌለው ፋይል ላይ መጻፉን ቀጥሎ ነበር። ዲዩ የሚቆጥረው ስም ያላቸውን ስለሆነ አያየውም፤ ዲኤፍ የሚቆጥረው የተያዘውን ቦታ ስለሆነ ያየዋል። ኤልኤስኦኤፍ የተባለው ትእዛዝ ስማቸው ጠፍቶ ግን ተከፍተው ያሉ ፋይሎችን ከያዟቸው ፕሮግራሞች ጋር ያሳያል፤ ፕሮግራሙን እንደገና ሳስነሣው ቦታው ወዲያው ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሎጎቹን በየጊዜው እየቆረጠ፣ እየጠቀለለና አሮጌዎቹን እየሰረዘ የሚሄደውን ሎግሮቴት አስተካከልኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ባዶ ቦታ እያለ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ቢገጥማችሁ ዲኤፍን የአይኖዶችን (የፋይል መመዝገቢያ ቦታዎችን) ቁጥር እንዲያሳይ አድርጋችሁ ጠይቁት፤ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች ሲከማቹ ቦታው ሳይሞላ ፋይል መመዝገቢያው ቀድሞ ያልቃል።

ከሁሉም በላይ ልጽፍበት የፈለግሁት የባክአፕ ጉዳይ ነው። ዳታቤዙ በየሌሊቱ እንዲቀዳ ክሮን በተባለው፣ በሰዓትና በቀን ሥራ በሚያስጀምረው መሣሪያ አንድ መስመር ጽፌ ነበር። መስመሩ የተቀዳ ነው፤ ዳታቤዙን አውጥቶ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚሰጠው ፓይፕ፣ ፋይልን ጠቅልሎ ወደሚያሳንሰው ጂዚፕ ያስተላልፋል፣ ጂዚፕ ጠቅልሎ በዕለቱ ቀን ስም ያስቀምጠዋል። በየጠዋቱ አዲስ ፋይል ስለማይ ረክቼ ነበር። ከአራት ወር በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባ በስህተት የሰረዘውን መረጃ እንድመልስ ሲጠይቀኝ የመጨረሻውን ፋይል ከፈትኩት፤ ባዶ ነበር። የቀደመውም ባዶ፣ ከእሱ የቀደመውም ባዶ። መጠናቸውን ሳይ ሁሉም 20 ባይት ናቸው። ጂዚፕ ምንም ያልተሰጠውን ባዶ ነገር ሲጠቀልል የሚያወጣው መጠን ያ እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ።

ምክንያቱ ሦስት ነገሮች በአንድነት መገናኘታቸው ነው። አንደኛ፣ ክሮን ሥራ የሚያስጀምረው እኛ ስንገባ ከምናገኘው በጣም ባነሰ አካባቢ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ጥቂት ስለሆኑ ሌላ ቦታ ላይ የተጫነውን የዳታቤዝ ማውጫ ፕሮግራም አላገኘውም። ሁለተኛ፣ በፓይፕ የተያያዙ ትእዛዞች በነባሪ ሁኔታ የሚተዉት የመጨረሻውን ትእዛዝ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ወድቆ ጂዚፕ በሰላም ስለጨረሰ ውጤቱ ዜሮ፣ ማለትም ተሳክቷል፣ ሆነ። ሦስተኛና ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ የተቀዳው መስመር መጨረሻ ላይ የሚወጣውን መልእክት ሁሉ ወደ ባዶ የሚጥል ምልክት ነበረበት፤ ማሽኑ «ትእዛዙ አልተገኘም» እያለ አራት ወር ሙሉ ሲናገር እኔ ራሴ አፉን አስይዤው ነበር። የባልደረባዬን መረጃ ከወረቀት ላይ መልሰን ለማስገባት ሁለት ሰዎች አንድ ሳምንት ፈጀብን። አሁን የባክአፕ ስክሪፕቶቼ የፕሮግራሞቹን ሙሉ አድራሻ ይጠቅሳሉ፤ ከፓይፑ አንዱ ክፍል ሲወድቅ ሙሉው እንደወደቀ እንዲቆጠር ፓይፕፌይል የተባለውን ቅንብር ያበራሉ፤ የፋይሉ መጠን ከትናንቱ እጅግ ካነሰ መልእክት ይልኩልኛል። ቅጂውም ከሰርቨሩ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ የሚጠፋ ቅጂ ባክአፕ አይባልምና። በየወሩ የመጀመሪያ ሳምንትም አንዱን ፋይል ወስጄ በመለማመጃው ማሽን ላይ ወደ ዳታቤዝ እመልሰዋለሁ፤ ስንት ረድፍ እንደተመለሰና ስንት ደቂቃ እንደወሰደ እጽፋለሁ። የጊዜው መለኪያ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ አለቃ «መቼ ይመለሳል?» ብሎ ሲጠይቅ ግምት ሳይሆን ቁጥር እንዲኖረን ያደርጋል።

ስለ ማሻሻያ የምለው አጭር ነው፦ የደኅንነት ማሻሻያዎች በራሳቸው እንዲጫኑ ማድረግ፣ ትልልቆቹን ደግሞ መጀመሪያ በመለማመጃው ላይ ሞክሮ ማየት ይበቃል። ማሽኑ ያለችግር እየሠራ ነው በሚል ሰበብ ለወራት አለማሻሻል ሎጉ ላይ ያየናቸውን ሙከራዎች መርዳት ነው።

ማስታወሻ ደብተሬ ዛሬ በአንድ ጽሑፍ ፋይል ተተክቷል። ቀኑን፣ ልለውጥ ያሰብኩትን፣ ከመለወጤ በፊት ማሽኑ የነበረበትን ሁኔታ፣ የጻፍኩትን ትእዛዝና የመለሰልኝን ቃል በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ማንኛውንም የማስተካከያ ፋይል ከመንካቴ በፊት ቀኑ የተጨመረበት ቅጂ እተዋለሁ። ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ክፍል ስዛወር ሰርቨሩን ለምታስተዳድረው ባልደረባዬ ያስረከብኳት ወረቀት ሳይሆን ይህን ፋይል ነው። ሥራውን ከመረከቧ በፊት ባዶ ቨርቹዋል ማሽን ሰጥቻት በፋይሉ ላይ ያለውን ብቻ ተከትላ ሰርቨሩን ከምንም አንሥታ እንድትሠራው ጠየቅኋት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ላለመናገር ቃል ገባሁ። ሁለት ቀን ወሰደባት። ሦስት ቦታ ላይ ቆመች፦ አንዱ ላይ የፎልደር ባለቤት መለወጥን አልጻፍኩም ነበር፣ ሌላው ላይ አንድ አገልግሎት መንቃት እንዳለበት ዘልዬ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የትእዛዙ ቅደም ተከተል ተገለባብጦ ነበር። ሦስቱንም እሷ ራሷ የማሽኑን መልእክት አንብባ ፈታቻቸው፣ ፋይሉንም በራሷ እጅ አረመችው።